የየኔታ ድምፅ የጠፋበት ቅዳሜ

ሜሮን ፈንታሁን የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ ላፕቶፑ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ከአባቷ ሣጥን አልወጣም። ሣጥኑ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ፋይሎቹ በሙሉ ነበሩ። ሰኞ ጧት ስታበራው ግን ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቃት ተከፈተ፤ ውስጡ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ነበር።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ደረጄ የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ያንኑ ላፕቶፕ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሰው በነጠላ ጠቅልሎ ሱቁ ድረስ አመጣለት። ሰውየው ፓስወርዱ እንደጠፋበት፣ ውስጡም የሚፈለግ ነገር እንደሌለ ነገረው። ደረጄም የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ከሥሩ የሱቁን ምልክት ለጥፎ እኩለ ቀን ሳይሞላ አስረከበው።

ኢንስፔክተር በላይነህ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አድርጎ አነበባቸው። አንድ ዕቃ በአንድ ቀን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎም ሱቅ ውሎም ሊሆን አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ቢዋሽ ነገሩ ቀላል ነበር። ችግሩ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ዓይን ዓይናቸውን ሲያያቸው፣ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ መምሰላቸው ነው።

በላይነህ ደብረ ታቦር ላይ ሲመረምር የኖረው የከብት ስርቆት፣ የድንበር ጠብና የገበያ ቀን ድብድብ ነው። በሬ ሲሰረቅ ኮቴ ይተዋል፤ የተፈነከተ ሰው ደም ይተዋል። ይህ ግን ምን ይተዋል? ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ አልተሰበረም፣ አልተሰረቀም። እንዲያውም ከበፊቱ ይፈጥናል።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አላት ሜሮንን። «ምን ነበረበት?»

«የአባቴ ድምፅ።»

ሜሮን በግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። አባቷን መሪጌታ ፈንታሁንን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። የማኅሌት መምህር ናቸው፤ ጸጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ከየአገሩ የሚመጡ ዲያቆናትን ዜማና አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው።

«ሁለት ክረምት ሙሉ ቀዳኋቸው» አለች። «የዓመቱን በዓላት ሁሉ፣ አንድ በአንድ። እሳቸው ይሉታል፣ እኔ እቀዳለሁ። ያ ሰኞ ባዶውን ሳየው ጮህኩ። ጩኸቴን ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ተያዘ። ሐኪሙ እንግዲህ ተመልሰው አይናገሩም ይላል።»

ወደ ላፕቶፑ አመለከተች።

«ኢንስፔክተር፣ አባቴ አሁን ድምፅ የላቸውም። የነበራቸው ድምፅ እዚህ ውስጥ ነበር። ያጠፋውን ሰው ያግኙልኝ፤ ድምፁንም ያግኙልኝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከሆነ ድምፁን።»

«ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽውም? ስልክሽ ላይ?»

«አልፈቀዱልኝም። ‹ቃል እንደ ዘር ነው፣ ያለ ጊዜው አይበተንም። እኔ ባርኬ እስክሰጥሽ በአንድ ቦታ ይቀመጥ› አሉ። በቀዳን ቁጥር ከሣጥናቸው ያስቆልፉኛል።»

«ቁልፉን ማን ይይዛል?»

«አንገታቸው ላይ ነው፤ ከማተባቸው ጋር።»

ደረጄ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ጌታው፣ እኔ ከሰው አንገት ቁልፍ የምፈታ ሰው መሰልኩዎ? ምልክቴን ከሥሩ ለጥፌ ሰጥቻለሁ። ሌባ ስሙን ለጥፎ ይሄዳል?»

«የመጣውን ሰው ፊቱን አይተኸዋል?»

«ዝናብ ነበረ። ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ቁመቱ መካከለኛ፣ ውፍረቱ መካከለኛ። ገበያ ወጥተው ቢጠሩት መቶ ሰው ‹አቤት› ይላል።»

ሜሮን የሥራ ባልደረቦቿ የሰጧትን የጠፋ ፋይል ማውጫ ፕሮግራም ሁሉ አንድ በአንድ ጭና ሞክራ ነበር። አንዳቸውም ምንም አላገኙም። በላይነህም ላፕቶፑን በኤግዚቢትነት ተረክቦ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ከቢሮው ኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ሁለት ቀን እንደበራ አቆየው። እባብ የነደፈው ሰው እንዳይተኛ ሌሊቱን ሲያናግሩት እንደሚያድሩት፣ ይህም ዕቃ ካጠፉት ከናካቴው የሚሞት መስሎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን ልቡ ስላላመነው ላፕቶፑን ይዞ ኮሌጅ ኮምፒውተር ወደምታስተምረው ወደ ትዝታ ሄደ። ትዝታ ለፖሊስ ስልክና ካሜራ ስትመረምር የቆየች ናት። ተቀብላ ወዲያው አጠፋችውና «ተውልኝ፤ እኔ እደውላለሁ» አለችው።

*

የመሪጌታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው፤ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት፣ ከጓሮው የተማሪ ጎጆዎች። በላይነህን የተቀበሉት የመሪጌታ እህት ወይዘሮ ጌጤ ናቸው።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ከጋይንት ነኝ፣ እማማ። ፖሊስ ነኝ።»

«ፖሊስነትህንማ ልብስህ ነገረኝ። እኔ የጠየቅኩህ አባትህን ነው።»

የአባቱን ስም ነገራቸው። አያቱን ጠየቁት፤ አያቱንም ነገራቸው። ዘመድ ሆነው ባይገኙም እሳቸው ቅር አላላቸውም።

«ያ ቅዳሜ ዕለት ቤት ውስጥ ማን ነበረ?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ። ሜሮን ለሥራ ወደ ፋርጣ ገጠር ወርዳለች። ወንድሜ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ነው። ማን ሊኖር?»

«የመሪጌታን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ጌጤ ፊታቸው ተለወጠ። «መልካሙ ነዋ! ያ ካሜራ ያንጠለጠለ ቀላዋጭ! ‹ድምፃቸውን ስጡኝና ለዓለም ላሰማው› ብሎ ስንት ጊዜ ደጄን ረገጠ። መጨረሻ ዘነዘና ይዤ ወጣሁበት። አጥሩን ሲዘል ሱሪው ተተረተረ። ‹አላየሽኝም እንጂ ይህ ነገር ለማንም አይሆንም!› እያለ ሄደ።»

«ለማንም አይሆንም አለ?»

«በነዚህ ጆሮቼ።»

በላይነህ ይህን ሲሰማ ተነሣ። ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ዞረ። «እማማ፣ ቁልፉን ከመሪጌታ አንገት ሳይሰሙ መውሰድ ይቻላል?»

«ከወንድሜ አንገት? ማተቡ ላይ ዝንብ ቢያርፍ ይነቃል። እኔ እንኳ ገላውን ሳጥብ አልነካውም።»

ይህ ቃል ሊያቆመው ይገባ ነበር። ሰው ግን አንዴ የሮጠበት አቅጣጫ ካለ የሰማውን ሁሉ ወደዚያው ይነዳዋል። በላይነህ በባጃጅ በቀጥታ ወደ መልካሙ ሱቅ ሄደ።

*

መልካሙ የሠርግና የንግሥ ቪዲዮ ቀራጺ ነው። አፉ ለአፍታ አያርፍም።

«እኔ? እኔ ላጥፋው? ኢንስፔክተር፣ በሞቴ ያስቡት። ላም የተመኘ ሰው ላሚቱን ይገድላታል? ይሰርቃታል እንጂ! ብሰርቀው ኖሮ ልክ ነዎት፣ ያስሩኝ። አጠፋሁት ሲሉኝ ግን ሞኝ እያሉኝ ነው።»

«‹ለማንም አይሆንም› ብለህ ዝተሃል።»

«ዘነዘና የያዘች ሴት ስታባርረኝ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ልበል?»

«ቅዳሜ ረፋድ የት ነበርክ?»

መልካሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። በላይነህ ያንን ዝምታ ወደደው።

«ጋፋት» አለ በመጨረሻ። «ሠርግ ስቀርጽ።»

«ለምን ቶሎ አልተናገርክም?»

«ሙሽራው የሌላ ቀራጺ ደንበኛ ነበር። ነጥቄ ነው። ሰውየው ደግሞ አሁን እዚያ ማዶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እያየን ነው።»

በላይነህ የሠርጉን ቪዲዮ አስከፈተ። ጭጋግ የለበሰው የጋፋት ሜዳ፣ ጭቃ የነካው ቬሎ፣ ጃንጥላ ሥር የተጠጋጉ ሚዜዎች ታዩ። መልካሙ በምስሉ ላይ የለም፤ ድምፁ ግን ከጧት እስከ ምሳ አልተለየም። «ሙሽራው ፈገግ! አማቶች ጠጋ! እናትዬ፣ ወደ እኔ እንጂ ወደ ድስቱ አይደለም!» አጃቢዎቹም ተጠየቁ፤ የመሰከሩት አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው እንዲያውም «ለሁለት ሰዓት እንኳ ጠፍቶልን ቢሆን ደስ ባለን» አለ።

የመልካሙ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። በላይነህ ወደ ደረጄ ሱቅ ሲመለስ ዝናቡ በመንገዱ ላይ ይወርዳል፤ እሱም ከጀመረበት ሜዳ ላይ ነው።

«ስለዚያ ሰውዬ የቀረህን ሁሉ ንገረኝ» አለው። «መልኩን አይደለም። ምን አደረገ?»

ደረጄ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ጫማውን አወለቀ።»

«የት?»

«እዚህ፣ ደጃፌ ላይ። ጭቃውን የፈራ መስሎኝ ‹ወንድሜ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ግባ› አልኩት። አልመለሰልኝም። በባዶ እግሩ ቆሞ ጠበቀ። ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ‹ድምፅም ይጠፋል?› አለ። ‹ሁሉም ይጠፋል› አልኩት። ‹አንድ ብቻ ለይቶ ማጥፋት አይቻልም?› አለ። ‹ፓስወርዱን ካላመጣህ አይቻልም፤ ወይ ሁሉም ወይ ምንም› አልኩት። ብዙ ቆየና ‹እንግዲያው ሁሉም› አለኝ። ስጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነው።»

«ይህን ሁሉ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ የጠየቁኝ ቁመቱን ነው።»

*

በማግሥቱ በላይነህ ወደ መሪጌታ ቤት ሲደርስ ከጓሮው ዜማ ይሰማል። መምህሩ ቢታመሙም ተማሪዎቹ የተማሩትን እርስ በርስ እየተደማመጡ ይቀጽላሉ። በላይነህ ትምህርቱ የሚሰጥበትን ዳስ ተመለከተ፤ ከመግቢያው ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ኮንጎ፣ በረባሶ፣ አንድ የተቀደደ ሸራ።

«ለምን አወለቃችሁ?» ሲል አንዱን ጠየቀው።

«ዜማ ባለበት ጫማ አይደረግም» አለ ተማሪው፣ ጥያቄው ራሱ እየገረመው። «የኔታ ያስቀመጡት ሥርዓት ነው። በሌላው ጉባኤ ቤት የለም፤ እዚህ ነው።»

«ከመካከላችሁ የጎደለ አለ?»

ተማሪዎቹ ተያዩ። «ምሕረትአብ የለም። የኔታ የታመሙ ዕለት ሱባኤ እገባለሁ ብሎ ጣራ ገዳም ሄደ።»

«ምሕረትአብ ማነው?»

«ቀኝ እጃቸው ነው። የኔታን የሚተካቸው እሱ ነበር።»

በላይነህ ወደ ውስጥ ገባ። መሪጌታ ፈንታሁን መደባቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። በላይነህ ኮፍያውን አውልቆ ከአጠገባቸው በርከክ አለ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ቁልፉን ማን ወሰደብዎ?»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በደህናው እጃቸው አንገታቸውን ዳብሰው ቁልፉን ያዙ፤ ማተቡ እስኪወጠር ጎትተው ወደ በላይነህ መዳፍ ዘረጉት። ሲያስረክቡ ነው የሚመስሉት።

በላይነህ ያን ጊዜ ገባው። ማንም አልሰረቀም። ሣጥኑ የተከፈተው በባለቤቱ እጅ ነው። ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑ ሱቅ ውሎ ሣጥን አድሯል፤ ሜሮንም ደረጄም አልዋሹም። ግን ለምን? ሰው የገዛ ድምፁን ለምን ያጠፋል? የሚመልስለት አፍ ደግሞ ከፊቱ ተይዟል።

*

እስከ ወረታ በሚኒባስ፣ ከወረታ አዲስ ዘመን በሌላ ሚኒባስ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር። ጣራ ገዳም ደኑ ውስጥ ሲገባ የአስፋልቱ ድምፅ ቀረና የወፍና የጠብታ ድምፅ ብቻ ተረፈ። አንድ መነኩሴ ወደ ትልቅ ወይራ አመለከቱት። ከሥሩ የከሳ ወጣት በባዶ እግሩ ቆሟል።

«ዲያቆን ምሕረትአብ?»

«ሊያስሩኝ ነው?»

«መጀመሪያ ልጠይቅህ። ላፕቶፑን ደረጄ ዘንድ የወሰድከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ውስጡ ምንም የለም ብለህ ዋሽተሃል።»

«ዋሽቻለሁ። ንስሐ የገባሁት ለዚያ ነው። ለሌላው ግን ንስሐ መግባት አለብኝ ወይ የለብኝም፣ እስካሁን አላወቅኩም።»

«ሌላው ምንድነው?»

ምሕረትአብ ነጠላውን አስተካከለ። «ገዝተውኛል።»

በላይነህ የገጠር ልጅ ነው፤ ግዝት ምን እንደሆነ ሊያስረዱት አያስፈልግም። መምህር በሥላሴ ስም ካሰረ፣ ያሰረው ራሱ ካልፈታ በቀር የታሰረው ሰው ቁርባንም መቅደስም የለውም።

«በጽጌ ቀረጻ ላይ የኔታ ተሳስተዋል» አለ ምሕረትአብ። «በወርኃ ጽጌ እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ ዚቅ፣ የራሱ ዜማ አለው። እሳቸው የአንዱን ሳምንት ከሌላው ቀላቅለው አሉት። እርጅና ነው። ቆይተው ሲያስቡት ነው ያወቁት። እንቅልፍ አጡ። ‹በአፍ የተሳሳተ በአፍ ይታረማል፤ ይህ ዕቃ ግን አይታረምም። እኔ ካረፍኩ በኋላ አገር ሁሉ ስሕተቴን ፈንታሁን ያለው ነው እያለ ያዜመዋል› አሉ። ጠሩኝና ቁልፉን ሰጡኝ። ‹ያ ስሕተቴ ከምድር ካልጠፋ ውግዝ ከመ አርዮስ ሁን› አሉኝ።»

«አንዱን ነው ያሉህ። አንተ ሁሉን አጠፋህ።»

«ፓስወርዱን አላውቅ። ሜሮን ማታ ትመለሳለች። ጠጋኙ ወይ ሁሉም ወይ ምንም አለ።»

«እንክርዳዱን ስትነቅሉ ስንዴውን እንዳትነቅሉ ይል የለም እንዴ መጽሐፉ?»

«ይላል» አለ ምሕረትአብ። «እኔም ሱቁ ውስጥ ቆሜ እሱኑ እያሰብኩ ነበር። የተገዘተ ሰው ግን አያስብም፣ ይፈጽማል። ስመለስ ሁሉም ጠፋ አልኳቸው። ‹ሁሉም?› አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሰኞ ጩኸቷን ሰማን።»

«አንተ የተማርከው የለም? ከአንተ አፍ ሊገኝ አይችልም?»

«ግማሹ። የቀረውን ዘንድሮ ሊጨርሱልኝ ነበር።»

ዝናቡ ወይራው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ በላይነህ። «አንተን ከሚገዝቱ ለምን ልጃቸውን ‹አጥፊው› አላሏትም?»

«ብለዋታል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

*

ትዝታ ስትደውል በላይነህና ምሕረትአብ ገና ወረታ ነበሩ። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ምሕረትአብን ከደጅ አቁሞ ወደ እሷ ገባ።

«እንዲህ አስበው» አለችው። «ፎርማት ሲደረግ ሰብሉ አይታጨድም። ድንበሩ ነው የሚፈርሰው፤ የማን ማሳ የት እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ሰብሉ እዚያው አለ። በዚያው ቢተው ኖሮ ብዙውን ባወጣሁት። አዲስ ነገር በተጫነበት ቁጥር ግን በሰብሉ ላይ ይታረሳል። ያቺ ልጅ ያንን ሁሉ ፕሮግራም ጭናበታለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ከኢንተርኔት አገናኝቶ ለቀናት እንደበራ ትቶታል፤ ራሱን ሲያድስ፣ ሲያወርድ፣ ሲጽፍበት ከርሟል። የባሰው እሱ ነው። ማነው እንደዚያ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለ በላይነህ።

ትዝታ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ምንም አልወጣም?»

«አንድ። አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ ሙሉውን ወጥቷል። ከሌሎቹ የወጣው ጩኸትና ፍርክስካሽ ነው።» የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነች፤ የሽማግሌ ዜማ ክፍሉን ሞላው። «አንድ የገረመኝ ነገር አለ። የሌላ ፋይል ቁራጭ አገኘሁ፤ ከዚህ ጋር ፍጹም አንድ ነው። ይህ ፋይል ዲስኩ ላይ ሁለት ቦታ ነበር ማለት ነው። አንዱ ታርሶበታል፣ አንዱ አምልጧል። ከሁሉም ሁለት ቦታ የተቀመጠው ይህ ብቻ ነው።»

«የቱ በዓል ነው?» አለ በላይነህ። እሷ አታውቅም። በሩን ከፍቶ ምሕረትአብን ጠራው። ምሕረትአብ ደፉ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ገብቶ ጥቂት እንደሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጽጌ ነው» አለ። «እሱ ነው። እሱው ራሱ ነው።»

*

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ቤት ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ጌጤ ወንድማቸውን በትራስ ደግፈው ቀና አድርገዋቸዋል። ሜሮን ምሕረትአብን ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«አንተ? አንተ ነህ? ከእጃቸው የበላህ!»

«ቆይ፣ እህቴ» አለ በላይነህ። «እሱ የሠራውን ተናግሯል። ለምን እንደሠራውም ነግሮኛል።» ነገሩን ከቁልፉ እስከ ግዝቱ ዘረዘረላት። እያዳመጠች ወደ አባቷ ዞረች፤ አባቷ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አሁን አንቺን ልጠይቅሽ» አለ። «ከሁሉም የተረፈው የጽጌው ነው። የተረፈውም ሁለት ቦታ ስለነበረ ነው። ያንን አንዱን ለምን ሁለት ቦታ አስቀመጥሽው?»

ወይዘሮ ጌጤ «በይ እንጂ፣ ተናገሪ» አሉ።

«አጥፊው አሉኝ» አለች ሜሮን። «አሳምሬ አጠፋሁት፣ በዓይናቸው ፊት። ግን ቀድሜ ገልብጬ ከሥራ ፋይሎቼ መካከል ደብቄው ነበር። ዜማውን ብዬ አይደለም። መጨረሻው ላይ፣ ዕቃው መቅዳቱን ረስተው፣ አንድ ነገር ይሉኛል። አባቴ በሕይወቴ እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም። ላፕቶፑን ለሥራ ባወጡልኝ ማታ፣ ሲከፋኝ እሱን እሰማለሁ። ተኝተዋል ብዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ።»

«አልተኙም ነበር» አለ ምሕረትአብ በቀስታ። «ከግድግዳው ወዲህ ሰምተውታል። በማግሥቱ ነው የጠሩኝ።»

ውጪ ተማሪዎቹ ይቀጽላሉ፤ አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ይመልሰዋል፣ ይቀጥላሉ።

«እንግዲያው ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ሜሮን። «እኔ አንዱን ባልደብቅ ሁሉም ይኖር ነበር።»

በላይነህ «አይደለሽም» ሊላት ፈለገ። ግን ነበረች፤ ምሕረትአብም ነበረ፤ መሪጌታም ነበሩ፤ እሱም ራሱ ሁለት ቀን ሙሉ ነበረ። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ክፉ ያሰበ አንድም አልነበረም፤ የሚያስረውም ሰው አላገኘም።

ትዝታ የሰጠችውን ፍላሽ በትንሽ ማጫወቻ ላይ ሰካው። የመሪጌታ ድምፅ ከማጫወቻው ወጣ፤ ሸካራ፣ ጥልቅ፣ ሙሉ። ሽማግሌው ደነገጡ። ከዚያ ደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ መምታት ጀመረ፤ ጣታቸው እንደ መቋሚያ ይነሣል፣ ይወርዳል። ወይዘሮ ጌጤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ዜማው ሄደ፣ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሽማግሌው ጣት ባየር ላይ ቆመ። ዜማው ቀጠለ፤ ጣቱ ግን አልወረደም።

«እዚህ ላይ ነው» አለ ምሕረትአብ።

ዜማው አለቀ። ሳል ተሰማ። ከዚያ ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ደክሞ፦ «ሜሮንዬ፣ ውኃ አቀብይኝ እስቲ። ይኸን ሁሉ ዓመት ስጮህ ቁጭ ብሎ የሰማኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።»

ማጫወቻው ጸጥ አለ።

በላይነህ ወደ መደቡ ቀረበ። «የኔታ፣ ይህን ልጅ ይፍቱት። መናገር አይጠበቅብዎም። ዓይንዎን አንድ ጊዜ ቢጨፍኑ ይበቃል።»

ሽማግሌው ጣራ ጣራውን ያያሉ። ከአንደኛው ዓይናቸው እንባ ወረደ፤ ዓይናቸውም ተከደነ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተከደነ።

«ፈቱኝ?» አለ ምሕረትአብ። «ወይስ እንባው ነው የከደነው?» ወደ ወይዘሮ ጌጤ ዞረ፣ ወደ በላይነህ ዞረ። የሚነግረው ሰው አልነበረም።

«ኢንስፔክተር» አለ ከዚያ። «ያ ፋይል እስካለ እኔ እንደታሰርኩ ነኝ። ሜሮን ልታስቀምጠው ትችላለች?»

«ሕጉ ንብረቱ የእሷ ነው ይላል። አጥፊ ወይም አስቀምጪ አይልም።» በላይነህ ፍላሹን ነቅሎ ሜሮን መዳፍ ላይ አኖረው። ሌላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረውም።

ምሕረትአብ መሬት ላይ ተንበረከከ። «ሜሮን፣ ስለ ድንግል። እሳቸው የፈለጉት ይኸንኑ ነው። መቅደስ መግባት አልችልም።»

«ግዝቱን እኔ ልሸከምልህ አልችልም?»

«ግዝት አይዛወርም።»

ሜሮን አባቷን አየቻቸው። አንድ የዓይን ጥቅሻ፣ አንድ የጣት ምልክት ጠበቀች። ፊታቸው እንደተዘጋ ደጅ ነበር። ከዚያ ፍላሹን ጨብጣ ወደ በላይነህ ዞረች።

«ኢንስፔክተር፣ አቤቱታዬን አንስቻለሁ። ማንንም አልከስም» አለች። ቀጥላም ወደተንበረከከው ወጣት ዝቅ ብላ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ አባቷም እንዲሰሙ ጮክ ብላ ተናገረች። «ምሕረትአብ፣ ይቅር በለኝ። እንግዲያው ሁለታችንም ውግዝ እንሁን። እኔ ይህን ድምፅ አላጠፋውም።»